ዛፍ ቀንሶ ካርቦን መጨመር ይቻላል?

ጥቅጥቅ ያለ ወጣት ደን ውስጥ እየመረጡ አንዳንዱን ዛፍ ቢቆርጡ (ደን ማሳሳት የሚባለው ይህ ነው)፣ የቀሩት ቶሎ ይወፍራሉ። ይህን የደን ሙያተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ የግንዱን ውፍረት በየዓመቱ ለክቶ ማረጋገጥም ቀላል ነው። ከዚህ ተነስቶ ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፦ ዛፎቹ በፍጥነት ካደጉ ደኑ የበለጠ ካርቦን ይይዛል፤ ስለዚህ ደን ማሳሳት ለአየር ንብረት ይጠቅማል። በሌላ በኩል ደግሞ «የተፈጥሮ ደን አይነካ፤ ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር ካርቦን ወደ አየር ይሄዳል» የሚሉ አሉ።

ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። ግን ሁለቱም አንድ ነገር ይዘላሉ። የመጀመሪያዎቹ ስለ አንድ ዛፍ እያወሩ ስለ ደኑ ያወሩ ይመስላቸዋል። ሁለተኛዎቹ ደግሞ ባልተነካ ደን ውስጥም ዛፍ በየዓመቱ እንደሚሞት ይረሳሉ።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ማሳሳት ካርቦን አይፈጥርም። መጀመሪያ ላይ ክምችቱን ይቀንሳል። የቀነሰው ተመልሶ ይሞላ አይሞላ የሚወሰነው ምን ያህል ተቆረጠ፣ የትኛው ዛፍ ተቆረጠ፣ የተቆረጠው እንጨት የት ገባ፣ ከዚያስ ስንት ዓመት ተጠበቀ በሚሉት ነው። ከእነዚህ አንዱን ዘሎ «ይጠቅማል» ወይም «ይጎዳል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጥያቄ ጠይቁት።

የምናወራው ስለየትኛው ደን ነው?

አንድ ደን ይጨፈጨፋል፣ ይቃጠላል ወይም ለእርሻ ይመነጠራል። ከዓመታት በኋላ መሬቱ ይተዋል። ከዚያ ደኑ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ሰው በመስመር አልተከለውም። ዘሩን ነፋስ፣ ወፍና የዱር እንስሳ ያመጡታል፤ ከፊሉ ደግሞ ከድሮ ጉቶ ያቆጠቁጣል። ዳግም የበቀለ የተፈጥሮ ደን የምንለው ይህን ነው።

እነዚህ ደኖች ካርቦን በመሳብ ረገድ ጉልበተኞች ናቸው። በ2016 የታተመ፣ በላቲን አሜሪካ 45 ቦታዎችን ያካተተ ጥናት አለ። በዚያ መሠረት እንዲህ ያሉ ደኖች በመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት በሄክታር በአማካይ 3 ቶን ገደማ ካርቦን በየዓመቱ ይስባሉ። ካረጀ ደን ጋር ሲነጻጸር 11 እጥፍ ነው። የጥንቱን ደን ባዮማስ (የዕፅዋቱን ጠቅላላ ደረቅ ክብደት) 90 በመቶ መልሶ ለመሙላት ደግሞ መካከለኛው ጊዜ 66 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ሁሉ የሆነው ማንም ሳያሳሳው ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ማሳሳት የሚወዳደረው ከባዶ መሬት ጋር አይደለም፤ በራሱ በደንብ ከሚያድግ ደን ጋር ነው።

ግን መልካቸው ሥርዓት የለውም። በአንድ ሄክታር ውስጥ ሺዎች ቀጫጭን ግንዶች ይታጨቃሉ። ከአንድ ጉቶ አራት አምስት ግንድ ይወጣል። ቶሎ የሚያድጉ፣ እንጨታቸው ቀላል የሆነ ብርሃን ወዳድ ዛፎች ከላይ ይሆናሉ። ቀስ ብለው የሚያድጉት ጠንካራ ዛፎች ከሥር፣ ጥላ ውስጥ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሐረጉ ደግሞ በሁሉም ላይ ይጠመጠማል። ሰው የተከለው ደን ዛፉ አንድ ዓይነት፣ ዕድሜውም እኩል ስለሆነ በየመስመሩ ቆጥሮ ማውጣት ይቻላል። እዚህ ግን እያንዳንዱን ዛፍ ቀና ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ደኑ ራሱም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዛፎቹ እየወፈሩ ሲሄዱ ቦታ ያጥራል፤ ብርሃን፣ ውኃና ማዕድን ይሻማሉ። ደካማው ይሞታል። ደኑ ራሱን በራሱ ያሳሳል ማለት ነው። ዮዳ የሚባል ጃፓናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1963 ይህ ሽሚያ የሚከተለውን ሕግ በሒሳብ አስቀምጠውታል፤ ዕፅዋት እየገዘፉ በሄዱ መጠን ቁጥራቸው በተወሰነ ምጣኔ ይቀንሳል። ሰው ሲያሳሳ የሚያደርገው ይህንኑ ሂደት ማፋጠንና ማን እንደሚቀር መምረጥ ነው።

ካርቦኑ የት ነው ያለው?

ደረቅ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። አንድ ቶን ካርቦን ወደ አየር ሲወጣ 3.67 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ከኦክስጅን ጋር ስለሚዋሃድ።

ታዲያ ግንዱን ብቻ ማየት አይበቃም። የደን ካርቦን በአምስት ቦታ ይቆጠራል፦ ከመሬት በላይ ባለው ሕያው ክፍል፣ በሥር፣ በሞተ እንጨት፣ በረገፈ ቅጠልና በአፈር። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት በ2020 ባወጣው ግምገማ የዓለም ደኖች 662 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ይዘዋል። ከዚህ 45 በመቶው አፈር ውስጥ፣ 44 በመቶው ሕያው ዛፍ ውስጥ ነው። መጋዝ ይዞ የገባ ሰው የሚነካው ሁሉንም ነው፤ የሚታየው ግን ግንዱ ብቻ ነው።

አንድ ሄክታር ይዘን እናስላ

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይገባል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ሄክታር ወጣት ደን 80 ቶን ካርቦን በዛፎቹ ይዟል እንበል። በየዓመቱ 2 ቶን ይጨምራል። ሩቡን፣ ማለትም 20 ቶኑን ቆርጠን አወጣን። 60 ቀረ።

አሁን የቀሩት ዛፎች ሰፊ ቦታ አገኙ፤ እያንዳንዳቸው በፍጥነት ይወፍራሉ። ይሁን እንጂ ቁጥራቸው አንሷል። የሄክታሩ ጠቅላላ እድገት ያው 2 ቶን ሆነ እንበል። ከ10 ዓመት በኋላ የሳሳው ደን 80 ቶን ይደርሳል። «ይኸው ተሞላ!» ሊባል ነው። ግን ያልተነካው ደን በዚያ ጊዜ 100 ቶን ደርሷል። ልዩነቱ አሁንም 20 ቶን ነው። ሃምሳ ዓመት ብንጠብቅም 20 ቶን ነው።

ማሳሳቱ የሄክታሩን እድገት ከ2 ወደ 2.5 ቶን ከፍ ቢያደርገውስ? ያኔ ልዩነቱ በየዓመቱ በግማሽ ቶን ይጠባል። ሁለቱ ደኖች እኩል የሚሆኑት ከ40 ዓመት በኋላ ነው። እድገቱ 2.2 ቶን ብቻ ከሆነ 100 ዓመት ይፈጃል። በመሀል ሌላ ዙር ማሳሳት ከመጣ ደግሞ ሒሳቡ እንደገና ከታች ይጀምራል።

ብዙ ክርክር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ የሚያወራው ስለ ፍጥነት ነው፤ ደኑ በዓመት ስንት ይጨምራል? ሌላው ስለ ክምችት ነው፤ ደኑ ዛሬ ስንት ይዟል? የሳሳ ደን በፍጥነት ሊበልጥ፣ በክምችት ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ሊያንስ ይችላል። ለከባቢ አየር ቁም ነገሩ ግን ክምችቱ ነው። ደን ውስጥ የሌለ ካርቦን ወይ በምርት መልክ አንድ ቦታ ተቀምጧል፣ ወይ አየር ላይ ነው።

የሄክታሩ እድገት ለምን ብዙ አይጨምርም?

ምክንያቱ ብርሃን ነው። ዛፍ የሚያድገው ቅጠሉ በያዘው ብርሃን ነው። የጥቅጥቅ ደን የቅጠል ጣራ ሲዘጋ ከፀሐይ የሚመጣውን ብርሃን አብዛኛውን ይጠቀምበታል። ጥቂት ዛፎች ሲወጡ ጣራው ይከፈታል፤ ለተወሰነ ጊዜ ከፊሉ ብርሃን ለዛፍ ሳይሆን ለቁጥቋጦና ለሣር ይደርሳል። ቀስ በቀስ የቀሩት ዛፎች ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው ክፍተቱን ይሞላሉ። ሲሞላም ደኑ ወደ ቀድሞው ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ከዚያ ብዙም አያልፍም። የፀሐይዋ ብርሃን ያው ስለሆነ።

ጀርመን ውስጥ ከ1870ዎቹ ጀምሮ እየተለኩ ያሉ የማሳሳት ሙከራ መደቦች፣ ማለትም ለሙከራ የተከለሉ ቁራሽ መሬቶች አሉ። ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው የተገኘው ትምህርት ይህንኑ ይደግፋል። በመጠኑ ሲሳሳ የሄክታሩ እድገት ብዙ አይለወጥም፤ አንዳንዴም ጥቂት ከፍ ይላል። በኃይል ሲሳሳ ግን ይወርዳል። ማሳሳት ከምንም በላይ የሚያደርገው እድገቱን ከብዙ ቀጫጭን ዛፎች ወስዶ ለጥቂት ወፍራም ዛፎች ማደል ነው። ለጣውላ አምራች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለካርቦን ግን በራሱ ትርፍ አይደለም።

«ትልልቅ ዛፎች እኮ ናቸው ካርቦኑን የሚይዙት» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። እውነት አለው። በ2018 የታተመ፣ 48 የደን ጥናት ቦታዎችን ያካተተ ሥራ በውፍረት ቀዳሚ የሆኑት 1 በመቶ ዛፎች ከመሬት በላይ ካለው ባዮማስ ግማሽ ያህሉን እንደያዙ አሳይቷል። የአንድ ዛፍ ውፍረት በእጥፍ ሲያድግ ክብደቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ወፍራም ዛፍ ቶሎ ማግኘት ዋጋ አለው። ነገር ግን ያረጀ ደን እነዚያን ግዙፍ ዛፎች ያገኘው በመቶ ዓመታት ውስጥ፣ ሌሎቹንም ይዞ ነው። ወፍራሞቹን ለማሳደግ ብሎ የቀረውን ሁሉ ማውጣት ሌላ ነገር ነው።

የትኛው ዛፍ ይውጣ?

ከላይ ያለው ስሌት አንድ ነገር ደብቋል። የተቆረጠው ዛፍ ባይቆረጥ ኖሮ ይቀጥል ነበር የሚል ግምት አለበት። ሁሉም ግን አይቀጥልም።

ጥላ ውስጥ ታፍኖ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚሞት ቀጭን ዛፍ ቢወጣ ደኑ የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው። ያው ሊሞትና ሊበሰብስ ነበር። በእርግጥ ይህን ዛፍ ማውጣት ለቀሩትም ብዙ አይጠቅማቸውም፤ ድሮም አልተሻማቸውምና። በተቃራኒው ጤነኛና ትልቅ ተፎካካሪን ማውጣት ጎረቤቱን በደንብ ይጠቅማል፤ ግን ብዙ ካርቦን ይዞ ይወጣል። የሙያው ክብደት በእነዚህ ሁለት መሀል መምረጥ ላይ ነው።

ዳግም በበቀለ ደን ውስጥ ግን ጥሩ አጋጣሚዎች አሉ። አንዱ የእንጨት ክብደት ነው። መጀመሪያ የሚበቅሉት ብርሃን ወዳድ ዛፎች እንጨታቸው ቀላል፣ ዕድሜያቸውም አጭር ነው። በተመሳሳይ ውፍረት የከባድ እንጨት ዛፍ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ካርቦን ሊይዝ ይችላል። ዕድሜያቸውን ወደ መጨረስ የደረሱትን ቀላል ዛፎች ጥቂቱን አውጥቶ ከሥር ላሉት ጠንካሮች ብርሃን መክፈት፣ ደኑ በራሱ የሚሄድበትን መንገድ ማሳጠር ነው። ሁለተኛው ከጉቶ ያቆጠቆጡት ናቸው። ከአንድ ሥር የሚጠጡ አምስት ግንዶች ካሉ ደካማዎቹን ቀንሶ አንድ ወይም ሁለቱን መተው፣ ትንሽ እንጨት አውጥቶ ብዙ ብርታት መስጠት ነው።

ሦስተኛው ሐረግ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ ትኩረት ይገባዋል የምለው እሱን ነው። ሐረግ የራሱን ግንድ በመገንባት ብዙ አይደክምም። በዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይወጣና ከላይ ቅጠሉን ዘርግቶ ብርሃኑን ይቀማል። ፓናማ ውስጥ በጊጋንቴ ልሳነ ምድር በተደረገ ሙከራ ተመራማሪዎች ከአንዳንድ መደቦች ሐረጉን ሁሉ ቆረጡ፤ ሌሎቹን ተዉ። በ2015 የታተመው ውጤት አስገራሚ ነበር። ሐረግ ያለበት ደን ከመሬት በላይ በየዓመቱ የሚጨምረው የተጣራ ካርቦን ሐረግ ከሌለበት በ76 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ከደኑ የሚወጣው ጥቂት፣ የሚገኘው እድገት ግን ትልቅ ሲሆን እንዲህ ነው። ሆኖም ሐረግም የደኑ አካል ነው፤ ፍሬው ለብዙ እንስሳ ምግብ ይሆናል፤ ዝንጀሮና ሌላውም ከዛፍ ዛፍ የሚሻገረው በሱ ነው። ስለዚህ ተለይተው በተመረጡ ዛፎች ላይ ያለውን ብቻ መቁረጥ ይሻላል።

አፈሩስ?

የቅጠል ጣራው ሲከፈት ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች። ውኃ የሚጠጡ ሥሮች ስለቀነሱ አፈሩ እርጥበት ይይዛል። ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ብስባሹን የሚበሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራቸው ይፈጥናል፤ ካርቦን ይወጣል። በሌላ በኩል የወደቀው ቅርንጫፍና የሞተው ሥር አዲስ ካርቦን ወደ አፈር ያስገባል። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይቀራረባሉ። ስለዚህ በመጠኑ በሳሳ ደን ጥልቁ አፈር ላይ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ ብዙም አይገኝም። ጉዳቱ የሚያይለው ከላይ ያለው የረገፈ ቅጠል ንጣፍ ላይ ነው። በመካከለኛ የአየር ጠባይ ደኖች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ያጠናቀረ የ2010 ሥራ፣ እንጨት ማውጣት የአፈር ካርቦንን በአማካይ በ8 በመቶ፣ የላይኛውን ንጣፍ ደግሞ በ30 በመቶ እንደቀነሰ አግኝቷል። ይህ ሙሉ ጭፍጨፋንም ይጨምራል። ቅርንጫፉን ጠራርጎ ከደኑ ማውጣትና በከባድ መኪና አፈሩን መጠቅጠቅ ነገሩን ያብሳል።

ድርቅ፣ እሳትና ነፋስ

እስካሁን ያለው ደኑ በሰላም ያድጋል በሚል ነበር። አደጋ ሲገባ ስሌቱ ሊገለበጥ ይችላል።

ድርቅ ሲመጣ በአንድ ሄክታር ላይ ያሉ ዛፎች ያችኑ ጥቂት ውኃ ይካፈላሉ። ቁጥራቸው ሲያንስ ድርሻቸው ይጨምራል፤ የመትረፍ ዕድላቸውም እንዲሁ። ይህ ግን ለዘላለም አይሠራም። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በቀይ ጥድ ደን ላይ በተደረገ የረጅም ጊዜ ሙከራ፣ ወጣት ሳሉ ድርቅን የተቋቋሙት የሳሱ ደኖች ሲያረጁ ከጥቅጥቆቹ ይልቅ በድርቅ ተጎድተዋል። ዛፎቹ ገዝፈው ቅጠላቸው ስለበዛ የውኃ ፍላጎታቸውም አብሮ ጨመረ።

እሳት ላይ ደግሞ የደኑ ዓይነት ይወስናል። በደረቅና እሳት በሚደጋገምበት ደን ውስጥ ከሥር ያሉ ቀጫጭን ዛፎች እሳቱን ከመሬት ወደ አናት ያወጡታል። እነሱን ማውጣት፣ ጭራሮውንም ማስወገድ ትልልቆቹን ያድናል። ነገር ግን የትኛው ሄክታር እንደሚቃጠል አስቀድሞ አይታወቅም። አንዱን ለማዳን ብዙ ሄክታር መሳሳት አለበት፤ አብዛኛው ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ ላይቃጠል ይችላል። ስለዚህ ትልልቅ ዛፎችንና መንደሮችን ለማዳን ተገቢ የሆነ ሥራ በካርቦን ስም ብቻ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ሒሳቡ አይሞላም። እርጥብ በሆነ ደን ውስጥ ከሆነ ጭራሹን ተቃራኒ ነው፤ ጣራውን መክፈት የደኑን ውስጥ ያደርቅና ቀድሞ የማይቀጣጠለውን እንዲቀጣጠል ያደርጋል።

ነፋስም አለ። ተደጋግፈው የኖሩ ቀጫጭን ረጃጅም ዛፎች ድንገት ሲከፈቱ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት በቀላሉ ይወድቃሉ። በኃይል አንዴ ከማሳሳት በመጠኑ ሁለቴ ማሳሳት የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የተቆረጠው እንጨት የት ገባ?

ለማገዶ ከሆነ ካርቦኑ በዓመቱ ወጥቷል። ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ለውጥ የመንግሥታት ጉባኤ ለስሌት ያስቀመጠው የግማሽ ዕድሜ አለ፤ ማለትም ምርቱ ውስጥ ካለው ካርቦን ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ። ለተሰነጠቀ ጣውላ 35 ዓመት፣ ለኮምፐርሳቶና ለችፑድ መሰል ምርቶች 25 ዓመት፣ ለወረቀት 2 ዓመት ነው። ከወጣት ደን የሚወጣው ግን ቀጭን እንጨት ነው። ጣውላ የሚሆነው ጥቂቱ ነው፤ የበዛው ማገዶ፣ ከሰልና ወረቀት ይሆናል። «ካርቦኑ ቤት ዕቃ ውስጥ ተቀምጧል» ሲባል ስንት በመቶው ብሎ መጠየቅ ይገባል። አንዳንዴ እንጨቱን ደን ውስጥ ጥሎ መተው ይሻላል፤ ወፍራም ግንድ ለመበስበስ ዓመታት፣ አንዳንዱም አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል፤ እስከዚያው የስንቱ ነፍሳትና እንጉዳይ ቤት ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ዓላማው ካርቦን ብቻ ከሆነና ደኑ በደንብ እያደገ ከሆነ፣ መተው ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ደኑ ሐረግ አፍኖት ወይም ደካማ ቡቃያ ታጭቆበት እድገቱ ቆሞ ከሆነ፣ ወይም ድርቅ ያሰጋው ከሆነ ደግሞ መጠነኛ ማሳሳት ተገቢ ነው። መጠነኛ ስል ከግንዶቹ ድምር ስፋት (ሁሉም በደረት ከፍታ ቢቆረጡ ከሚታየው ክብ ገጽ ድምር) አንድ አምስተኛ ገደማ ማለቴ ነው፤ ግማሹን ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። ሰዎች ከደኑ እንጨት ማግኘት ከፈለጉም ይህ በራሱ በቂ ምክንያት ነው፤ የካርቦን ትርፍ ብሎ መሸፈን አያስፈልገውም።

ሥራው ሲሠራ ግን ከጎኑ ያልተነካ መደብ መተው አለበት። በሁለቱም መደብ እያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር ይለጠፍበት፤ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ውፍረቱ ይለካ። የሞተው፣ አዲስ የበቀለው፣ የወደቀው እንጨትም ይቆጠር። የወጣው እንጨት ስንት ቶን እንደነበረና ምን እንደተሠራበት ይመዝገብ። ከዚያ በ5፣ በ10 እና በ20 ዓመት ተመልሶ ይለካ። የሳሳውን ደን ከራሱ ከቆረጣ ማግስት ጋር ብቻ አወዳድሮ «ይህን ያህል ጨመረ» የሚል ሪፖርት በየትኛውም ደን ላይ ትርፍ ያሳያል። ያልተነካው መደብ በዚያው ጊዜ ስንት እንደደረሰ የያዘ ሪፖርት ነው ሊነበብ የሚገባው።